ባለ 70 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ በጅማ ሰማይ ሥር፦ ከቀያሽነት ወደ ሥነ ፈለክ መምህርነት የተሻገረ ሰው ግምገማ

ይህ ግምገማ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከአዲስ አበባ ገዝቼ ወደ ጅማ ስላመጣሁት፣ እስካሁንም በኮሌጅ የማስተምረው የሥነ ፈለክ መግቢያ ትምህርት ዋና መሣሪያ ስለሆነው ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ፣ ማለትም ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ምስል የሚሠራበት ርቀት፣ ደግሞ 700 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ዓይነት መሣሪያ በቻይና ተሠርቶ በልዩ ልዩ የንግድ ስም ስለሚሸጥ፣ ገዢው ካርቶኑ ላይ ከታተመው ስም ይልቅ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ቢይዝ ይሻለዋል። የከፈልኩት ዋጋ በወቅቱ ከአንድ ወር ደመወዜ ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ገንዘቡ የኮሌጁ ሳይሆን የራሴ ስለነበረ፣ መሣሪያውን የመረመርኩትም ከኪሱ እንዳወጣ ሰው ነው።

ፍርዴ ከየት እንደመጣ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ስለራሴ ጥቂት መናገር አለብኝ። የተማርኩት ቅየሳ ነው። ስድስት ዓመት ያህል በመንገድ ሥራ ላይ ሌቭልና ቶታል ስቴሽን የተባሉትን የቅየሳ መሣሪያዎች ተሸክሜ ከካምፕ ካምፕ ስዞር፣ ዕቅዴ አንድ ቀን የፕሮጀክት ኃላፊ መሆን፣ ከዚያም የራሴን የቅየሳ ቢሮ መክፈት ነበር። የነበርኩበት ፕሮጀክት ቆሞ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ጅማ ስመለስ፣ አንድ ኮሌጅ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንድሸፍን ለጊዜው ቀጠረኝ። በሁለተኛው ዓመት የሥነ ፈለክ መግቢያን የሚያስተምረው መምህር ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠርቶ «አንተ ቢያንስ ማዕዘን መለካት ታውቃለህ፤ ሌላውን እያነበብክ ትደርስበታለህ» አለኝ። ነገሩን ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ጨለመ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ኮከብ ቆጣሪ ልትሆን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የልጇን ዕድል የሚያበላሽ ነገር የመጣ መስሏት ስለነበር፣ ኮከብ ቆጠራና ሥነ ፈለክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማስረዳት ያን ምሽት ሙሉ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ይህንኑ ማስረዳት እስከ ዛሬ የየሴሚስተሩ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ያስተማርኩት ያለ ቴሌስኮፕ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ ወር መግቢያና በነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ፣ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ታልፋለች። ሚያዝያ 1 ቀን ተማሪዎቼን ወደ ሜዳ አውጥቼ የቅየሳ መለኪያ ዘንግ በቱንቢ አስተካክለን አቆምን፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ካለፈ ከአራት ደቂቃ ያህል በኋላ የዘንጉ ጥላ ከሥሩ ገብቶ ጠፋ። ለምን ልክ በስድስት ሰዓት እንዳልሆነ አንዲት ተማሪ ስትጠይቅ፣ ሰዓታችን የሚቆጠረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለው በ45 ዲግሪ የኬንትሮስ መስመር መሆኑን፣ እኛ ግን ወደ 37 ዲግሪ ገደማ ላይ መሆናችንን አስልተን ልዩነቱን ራሳቸው አገኙት። መምህር ሆኜ እንደምቀር ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በቀን ያገኘነውን በሌሊትም ለማግኘት ግን መሣሪያ ያስፈልግ ነበር፤ ቴሌስኮፑን ለመግዛት ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «525 እጥፍ ያጎላል» የሚል ነው፤ ሻጩም ደጋግሞ የነገረኝ ይህንኑ ነበር። ቁጥሩ የተገኘው የትኩረት ርዝመቱን 700 ሚሊ ሜትር በ4 ሚሊ ሜትር የዐይን ሌንስ በማካፈልና ውጤቱን ሦስት እጥፍ በሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ በማባዛት ነው። ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ለገዢው የሚጠቅም ነገር የለውም፤ ምክንያቱም አንድ ቴሌስኮፕ በጥሩ ሁኔታ ሊያጎላ የሚችለው በፊት ሌንሱ ሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ ያህል ስለሆነ የዚህኛው ወሰን 140 አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚታየው ነገር ትልቅ ይሁን እንጂ የደበዘዘና የሚንቀጠቀጥ ነው። እኔ በተግባር የምጠቀመው 35 እጥፍ በሚሰጠው ባለ 20 እና 70 እጥፍ በሚሰጠው ባለ 10 ሚሊ ሜትር የዐይን ሌንስ ብቻ ነው። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩና ተጨማሪው ሌንስ ከሣጥናቸው ሳይወጡ ዓመት ሆኗቸዋል። ሻጩ ሆን ብሎ አሳስቶኛል አልልም፤ በሚሸጠው ዕቃ አንድም ቀን አይቶበት አያውቅም ብዬ ነው የማስበው። ሆኖም ቁጥሩን አምኖ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን ከአልጋ ሥር እንደሚከተው አውቃለሁና ይህን አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ።

የሌንሱ ጥራት ከዋጋው በላይ ነው። በጨለማ የሰፋ የዐይናችን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዐይናችን 100 እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። በጨረቃ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ጥላቸውን ጥለው ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ጠርዟ ላይ ቀጭን ሐምራዊ ቀለም ቢኖርም ዋጋው ርካሽ በሆነ ሌንስ ላይ የሚጠበቅ ስለሆነ ቅር አያሰኝም። ጋሊሊዮ በ1610 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያያቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች በ35 እጥፍ በግልጽ ይለያሉ፤ ተማሪዎቼ በተከታታይ ምሽቶች ቦታቸውን በደብተራቸው እየሣሉ የትኛው እንደሚፈጥን በራሳቸው ይደርሱበታል። ሰባቱ ከዋክብት ወደ መስኩ፣ ማለትም በሌንሱ ውስጥ ወደሚታየው ክብ የሰማይ ክፍል፣ ሲገቡ፣ ሰባት መሆናቸው ቀርቶ በደርዘን የሚቆጠሩ ይሆናሉ። ከቦረና የመጣ አንድ ተማሪ አገሩ ሰዎች «ቡሳን» እንደሚሏቸውና የቦረና ቀን ቆጣሪዎች፣ አያንቱዎቹ፣ ጨረቃ ከእነዚህና ከሌሎች ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን እያዩ ወሩን እንደሚለዩ ሲነግረን፣ ያን ምሽት መምህሩ እርሱ ሆነ፤ እኔም ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።

ስለ ዙሐል፣ ማለትም ስለ ሳተርን፣ ገዢን ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። የፕላኔቱ ቀለበት በ15 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ጎኑን ወደ እኛ ስለሚያዞር፣ በ2017 መጋቢትና እንደገና በ2018 ኅዳር አካባቢ ቀለበቱ ከክር የቀጠነ መስመር ብቻ ነበር። ተማሪዎቼ «መምህር፣ ቀለበቱ የት አለ?» ሲሉኝ ቴሌስኮፑን ሳይሆን ሰማዩን ነበር ማስረዳት የነበረብኝ። ከአሁን በኋላ ቀለበቱ በየዓመቱ እየተከፈተ ስለሚሄድ ለመግዛት የሚያስብ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ እግሮቹ ልናገር፤ በዚህ መሣሪያ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ ይህ ነው። አብሮት የሚመጣው ትሪፖድ ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ፣ መገጣጠሚያው ፕላስቲክ የሆነ ሲሆን፣ ትኩረቱን ለማስተካከል ጣት ሲነካው ምስሉ ለበርካታ ሰከንዶች ይርገበገባል። ነፋስ ካለ ጭራሽ አይረጋም። ሦስቱን እግሮች የሚያያይዘው ፕላስቲክ በአራተኛው ወር ተሰበረ። በቅየሳ ሥራ ስድስት ዓመት ሲነገረን የኖረው ደግሞ መሣሪያ የሚመዘነው ከእግሩ ጀምሮ ነው የሚል ነበር፤ እግሩ ያልረጋ መሣሪያ የሚሰጠው ንባብ ምንም ያህል ጥሩ ሌንስ ቢኖረው አይታመንም። ስለዚህ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስቶር ውስጥ ተጥሎ የነበረ፣ ቢጫ ቀለሙ የተላጠ የእንጨት ቅየሳ ትሪፖድ ለምኜ አመጣሁ። የራሱ ቡሎን ወፍራም፣ የቴሌስኮፑ ቀዳዳ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ አልገጥም አለ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለ የቶርኖ ባለሙያ ሁለቱን አየና፣ ከብረት አንድ ክብ ሳህን አዙሮ፣ ከታች ወፍራም ጥርስ፣ ከላይ ቀጭን ቡሎን አውጥቶ በአንድ ቀን አገጣጠመልኝ። የብረት ጫማ ያላቸውን እግሮች በአፈር ላይ በእግሬ ረግጬ ስተክላቸው ከመንገድ ሥራ የማውቀው ድምፅ ተሰማኝ። በዚያ ምሽት ጁፒተርን መሃል ላይ አድርጌ የቱቦውን ጎን በጣቴ መታ ሳደርገው ምስሉ አንዴ ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ትሪፖዱ ባይለወጥ ኖሮ ከዚህ በታች የምተርከው አንዱም ባልተሳካ ነበር።

መሣሪያው ከረጋ በኋላ መለካት ይቻላል። ከኦሪዮን ቀበቶ ሦስት ከዋክብት የላይኛው በሰማይ ወገብ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ትይዩ ባለው የሰማይ መስመር፣ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ተማሪዎቹ ይህን ኮከብ በ35 እጥፍ በመስኩ አንድ ጠርዝ ላይ አድርገው ቴሌስኮፑን ሳይነኩ በስልካቸው ሰዓት ይይዛሉ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለመሻገር 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሰማይ አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ የሚወስድ ስለሆነ የመስኩ ስፋት አንድ ዲግሪ ከሢሶ፣ ማለትም ከሁለት ተኩል ሙሉ ጨረቃ በላይ መሆኑን ያገኛሉ። በካርቶኑ ላይ ያልተጻፈውን የመሣሪያውን አቅም ራሳቸው ለክተው ሲያውቁት በመሣሪያው ላይ ያላቸው እምነት ይለወጣል። ከዚህ የሚገኝ ሌላ ተግባራዊ ነገርም አለ፦ በ70 እጥፍ የሚታይ ነገር ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከመስኩ ስለሚወጣ፣ 40 ተማሪ ሲሰለፍ በየሁለት ሦስት ሰው መሃል ማስተካከል ግድ ነው። መሣሪያው ሰማዩን የሚከተል ሞተር የለውም፤ ለብዙ ተማሪ ለሚያስተምር ሰው ይህ አድካሚ መሆኑን አልደብቅም።

እንደ እኛ ላለ አገር የሚብስ አንድ ጉድለትም አለው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ፕላኔቶችና ጨረቃ ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ከአናታችን ትይዩ ነው፤ በ2018 ጥር ወር ጁፒተር ወደ እኩለ ሌሊት ሲጠጋ ከአድማስ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ይል ነበር። ቱቦው ወደ ላይ ሲቀና የታችኛው ጫፉ ከትሪፖዱ እግር ጋር ይጋጫል፤ ተመልካቹም ወደ መሬት ዝቅ ማለት አለበት። የቡና በርጩማ አምጥተን ተማሪዎቹ በእርሱ ላይ ተቀምጠው እንዲያዩ በማድረግ ግማሹን ችግር አቃልለናል። በተቃራኒው የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከስምንት ዲግሪ ያህል በላይ ስለማይወጣና ኮረብታና ዛፍ ስለሚጋርደው፣ በሌላ አገር የተጻፉት መመሪያዎች «መጀመሪያ የሰሜን ኮከብን ፈልግ» የሚሉት በጅማ እምብዛም አይሠራም። እኛ ግን በምላሹ የደቡብ መስቀልንና ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለውን ግዙፍ የከዋክብት ክምችት በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች ደመና ካልከለከለን እናያለን።

እርጥበት የዚህ ከተማ ዋና ጠላት ነው። የጅማ ክረምት ረጅም ስለሆነ ቴሌስኮፑ ለወራት ሣጥን ውስጥ ይከርማል፤ በዚያ ጊዜ ሌንስ ላይ ሻጋታ ከበቀለ ምልክቱ ላይለቅ ይችላል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ከተማሪዎች ሰብስቤ ከሌንሱ ጋር አሽጋለሁ፤ ከምልከታ መልስም ጤዛው ሳይደርቅ ክዳኑን አልዘጋም።

ከሁሉ በላይ አደገኛው በዐይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዝ፣ «ለፀሐይ» የተባለ ትንሽ ጥቁር መስታወት ነው። ሌንሱ የሰበሰበው የፀሐይ ሙቀት በቀጥታ እርሱ ላይ ስለሚያርፍ በድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በዚያ ቅጽበት የሚያየው ዐይን ይጠፋል። እኔ በመዶሻ ሰብሬ ጣልኩት፤ የገዛ ሰው ሁሉ እንዲሁ እንዲያደርግ አጥብቄ እለምናለሁ። ፀሐይን የምናሳየው ከዐይን ሌንሱ ኋላ ነጭ ወረቀት ይዘን ምስሏን በወረቀቱ ላይ በማሳረፍ ነው፤ ጥቁር ነጥቦቿም በዚህ መንገድ በደንብ ይታያሉ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የላሊበላን ሰማይ ያጨለመው ቀለበታዊ ግርዶሽ ከጅማ በከፊል የታየ ነበርና ያኔ ይህ መሣሪያ አለመኖሩ ይቆጨኛል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከፊል ግርዶሽ እንደገና ስለሚኖረን፣ የክረምቱ ደመና ክፍተት ከሰጠን ወረቀቱ ተዘጋጅቷል።

ከሁሉም የወደድኩትን ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ከመምጠቋ ሦስት ቀን በፊት፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለኢትዮጵያ የተመደበላትን ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ብሎ መሰየሙን አስታውቋል። ኮከቡ ከእኛ 196 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በባዶ ዐይን ለማየት ጥቂት ይደበዝዛል፤ ለ70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ቀላል ነው። የሚያስቸግረው በብዙ ተመሳሳይ ነጥቦች መሃል መለየቱ ነው። በነፃ የሚገኘውን ስቴላሪየም የተባለ የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ላይ ቁጥሮቹን ስመለከት አንድ ነገር አየሁ፦ አንድሮሜዳ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለው ደማቁ አልማክ የተባለ ኮከብና ቡና ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ባላቸው ርቀት እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነታቸው ሩብ ዲግሪ ገደማ ነው። ቡና አልማክን የሚከተለው በ33 ደቂቃ ነው። እንግዲያውስ አልማክን መሃል ላይ አድርጎ መሣሪያውን መቆለፍ፣ ከዚያም ምድር እስክታዞረን መጠበቅ ብቻ በቂ ነው። የቆየ ቀያሽ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ መሣሪያውን ተክለህ ዘንጉ ወደ አንተ እስኪመጣ ትጠብቃለህ።

ታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ላይ፣ በጅሬን ኮረብታ በኩል የከተማው መብራት በማይደርስበት ሜዳ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተከልነው። አልማክ በ70 እጥፍ ወርቃማና ሰማያዊ ሆነው የሚታዩ ሁለት ከዋክብት ስለሆነ መጀመሪያ ሁሉም ተራ በተራ አዩት። ከዚያ ወደ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ መልሼ፣ መሃል ላይ አድርጌ ቆለፍኩና ማንም እንዳይነካው አልኩ። አንዲት ተማሪ ምድጃና ጀበና ይዛ መጥታ ስለነበር ቡናው መቆላት ጀመረ። ከሜዳው ጥግ የነበሩት ጥበቃ አባባ ሽታው ጠርቷቸው መጡ፤ ምን እንደምንጠብቅ ስንነግራቸው «እንግዲህ አብረን እንጠብቃለና» ብለው ተቀመጡ። በሠላሳ ደቂቃው ላይ በመስኩ ምሥራቃዊ ጠርዝ አንድ ነጥብ ገባ። ካርታውን ከመስኩ ጋር እያስተያየን ስንለየው ነጥቡ ወደ መሃል እየተጠጋ፣ አቦሉም እየተቀዳ ነበር። ቡና መሃል ሲደርስ ኤም 34 የተባለው የከዋክብት ክምችት ከጠርዙ ብቅ ማለት ጀመረ። ፕላኔቷ በዚህ ቴሌስኮፕ እንደማትታይ፣ እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የሚገኙት ባለ አንድ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፖች እንኳ በቀጥታ እንደማያሳዩዋት አስረዳኋቸው። አባባ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩ፤ ከዚያም ሲኒያቸውን ተቀብለው «አየኋት» ብቻ አሉ።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ሥነ ፈለክን ወይም ፊዚክስን በኮሌጅም ሆነ በሁለተኛ ደረጃ ለሚያስተምር ሰው፣ በተለይም እንደ እኔ ከሌላ ሙያ መጥቶ ከተማሪዎቹ ጋር እየተማረ ለሚያስተምር፣ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ደብዛዛ ጋላክሲዎችን በቀለም አያለሁ ብሎ ለሚጠብቅ ወይም ፎቶ ለማንሣት ለሚፈልግ አይሆንም። መግዛት የሚፈልግ ከካርቶኑ ላይ «70» እና «700» የሚሉትን ፈልጎ ያረጋግጥ፤ ሻጩ ፊት የፊት ሌንሱን በባትሪ ብርሃን አይቶ ጭረትና ሻጋታ አለመኖሩን ይመርምር። ወደ ቤቱ ሳይመለስም በየመንገድ ሥራው ስቶር የተጣለ የእንጨት ትሪፖድ ያለው ቀያሽ ያፈላልግ።